ሳማ በስላይጎ ወንዝ ዳር

ባለፈው ቅዳሜ ሹገርሎፍ ተራራ አናት ላይ ወይዘሮ ራህማ የፔርሙሷን ክዳን ከፈተችና ያ ሽታ ወጣ። የተቀቀለ ሳማ ሽታ ነው፤ እርጥብ ሣር፣ ትንሽ ብረት፣ ዝናብ የመታው አፈር። ከሃያ ዓመት በላይ አልሸተተኝም ነበር። አፍንጫ ግን አይረሳም፤ ገና ሲሸተኝ ቆሽቴ አረረ።

"ለስኳር መድኃኒት ነው፤ ኦርጋኒክ ነው፤ ኦንላይን ኦርደር አድርጌ ነው" እያለች በወረቀት ኩባያ ለሁሉም ታድላለች። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ አፌ እምቢ ይለኛል። የከበቧት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰዋል። በየቅዳሜው ተጠራርተው ተራራ ይወጣሉ፣ ጫካ ያቋርጣሉ፤ ሀይኪንግ ይሉታል። በሁለት እጃቸው ሁለት የብረት ምርኩዝ ይይዛሉ፤ አናት ላይ ሲደርሱ ፎቶ ይነሡና ገና ሳይወርዱ ፌስቡክ ላይ ይለጥፉታል። እሰየው፣ ጥሩ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ከእነዚሁ ሰዎች ግማሾቹ እኔ ልጅ ሳለሁ በእግሯ የሄደችን አንዲት ሴት እብድ ናት ብለው ማመናቸው ነው።

አባቴም አረንጓዴውን ለብሷል። ሐኪሙ ካልተራመድክ እግርህን ታጣለህ ስላለው ካለፈው ዓመት ጀምሮ አብሯቸው ይወጣል፤ ዓይኑ ስለደከመ የምነዳለት እኔ ነኝ። ኩባያውን ተቀብሎ ፉት አለና ዓይኑን ጨፈነ። ለእኔም ተዘረጋልኝ፤ አልጠጣም ብዬ ፈንጠር ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘይነባ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። እናታቸው የሞተችው አባቴ ገና ዳዴ ሲል ስለሆነ ያሳደገችው እሷ ናት። ከደሴ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ በረዶው ጠቁሮ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ሊያልቅ ሲል። አባቴ ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ፣ ማታ ታክሲ ይሠራ ነበር፤ እናቴ አርሊንግተን ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ትገፋለች። እትዬ በናፍቆት መጣች ይባል ነበር፤ እሱም አለበት፤ ዋናው ግን እኔን ከትምህርት ቤት የሚያመጣኝ ሰው መጥፋቱ ነው። አባቴ እትዬ ስለሚላት እኔም እትዬ አልኳት። እናቴ እንዳስተማረችኝ አንቱ ብላት እምቢ አለች። "አንቱ ያራርቃል፤ አንቺ እጄን ይዘሽ ነው የምትሄጅው" አለችኝ።

በመጣች ማግስት ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥታ በቀኝም በግራም ስትፈልግ አየኋት። ዕቃ የወደቀባት መስሎኝ እኔም ወለሉን ፈለግሁ። የምትፈልገው ተራራ ነበር። ደሴ በር ሲከፈት ጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝናቡንም፣ ሰዓቱንም፣ አቅጣጫውንም ከእሱ ነው የሚያውቁት። እዚህ አገር ዓይኔ የሚደገፍበት አጣ አለች። አባቴ ሳቀና፣ ተራራማ አለ፣ ሹገርሎፍ የሚባል፣ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ የፊታችን እሁድ እወስድሻለሁ አላት። እትዬ ለእሁዱ ነጠላዋን አጠበች፤ ቆሎ ቆላች። እሁድ ሲደርስ አባቴ ታክሲውን ይዞ ወጣ። የሚቀጥለው እሁድም እንደዚያው ሆነ፤ የሚቀጥለውም። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። እሷ አልተቀየመችም፤ ሥራ ነው ትል ነበር። ቆሎውን በየሳምንቱ የምጨርሰው እኔ ስለነበርኩ እኔም አልከፋኝም።

በዚያን ጊዜ የእኛ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ ወይ መኪናው ተበላሽቷል ወይ ላይሰንሱ ተቀምቷል። ሌላ ምክንያት አይታሰብም ነበር። እትዬ ደግሞ መሄድ እንጂ መቀመጥ አታውቅም። ከትምህርት ቤት ስታወጣኝ በአስፋልቱ ዳር አንሄድም፤ ቁልቁል ወርደን የስላይጎን ወንዝ ይዘን ነው። ከወንዙ ጎን የእግረኛ መንገድ አለ፤ ከእንጨት የተሠሩ ድልድዮች አሉት። ስንሻገር ከሥር ውኃው ይሰማል፤ እትዬ ሁልጊዜ መሐል ላይ ቆማ ታዳምጠው ነበር። በወንዙ ዳር ገና ቅጠል ሳይኖራቸው ሐምራዊ አበባ የሚያፈነዱ ዛፎች ነበሩ፤ ረግረጉ ላይ ሲረግጡት የሚገማ ሰፊ ቅጠል ነበር፤ አጋዘኖች ቆመው ያዩን ነበር። እትዬ አጋዘኖቹን ስታይ እረኛቸው ወዴት ሄደ ትለኛለች፤ እኔም እረኛው ትምህርት ቤት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የአስር ሶላት ሲደርስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ትሰግዳለች፤ እኔ ጫማዋን እጠብቃለሁ።

የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም ትል ነበር፤ ሰላም ብላ ደግሞ መልሱን ቆማ ትጠብቃለች። ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ ዝም ብሎ ማለፍ እሷ ባደገችበት አገር ነውር ነው። በሩጫ የሚያልፉት ሲመጡ ግን ወደ ዳር ፈቀቅ ትልና አንገቷን ደፍታ አላህ ያጽናችሁ ትላቸዋለች። ደሴ ትልቅ ሰው የሚሮጠው መርዶ ሲሰማ ብቻ ነው ብላ አስረዳችኝ። እኔም አመንኳት። በየቀኑ ይህን ያህል ሰው የሚሞት ከሆነ ተራው እኛ ሕንጻ ላይ መቼ ይደርሳል እያልኩ እሰጋ ነበር። ሐዘንተኞቹ ጆሮአቸው ላይ ሽቦ ሰክተው ዘፈን ማዳመጣቸው ብቻ ግራ ይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን ይህ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅኋት። ተገርማ አየችኝ። "ወንዝ ከተራራ እንጂ ከየት ይመጣል?" አለች። እንዲህ ካለች በኋላ ራሷም ቆም ብላ ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት ተመለከተች። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የገባን። ተራራው በዚያ በኩል ነው። አባቴንም እሁድንም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወንዙን ይዞ ሽቅብ መሄድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከትናንቱ ትንሽ እንርቃለን፤ ሳይመሽ እንመለሳለን። የደረስንበት ቦታ ላይ እትዬ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደራርባ ትታ ትመለሳለች። በማግስቱ ድንጋዮቹ እንዳሉ ስናገኛቸው የእኔ ደስታ ልክ አልነበረውም። ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሯ ቅዳሜና እሁድ ምን ሠራችሁ ስትል፣ ተራራ ልደርስ ነው ብዬ እጄን አወጣ ነበር።

ሳማውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ይበልጥ በትክክል እሱ ነው ያገኘኝ። ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ዳሩ ላይ የበቀለውን ለምለም ቅጠል ልነካ እጄን ሰደድኩና ጮኽኩ። እትዬ ሮጣ መጣች። እጄን ሳይሆን መጀመሪያ ቅጠሉን አየች፤ ፊቷ በራ። "አንቺም እዚህ አለሽ?" አለችው ቅጠሉን፣ የድሮ ጎረቤቷን እንዳገኘች ሁሉ። ከዚያ ቱልት የሚመስል ሰፊ ቅጠል ፈልጋ በጠሳ እጄን አሸችልኝ፤ ሳማ የሚያውቀውን ሰው አይለበልብም አለችኝ። ለካ እኔን ባለማወቁ ነው ብዬ ለቀናት ወንዙ ዳር በደረስኩ ቁጥር ስሜን እነግረው ነበር። ነጃት እባላለሁ፣ የሰይድ ልጅ ነኝ፣ እትዬ የእኔ ናት እያልኩ።

የግሮሰሪ ላስቲክ እጇ ላይ ገልብጣ አጥልቃ ጫፍ ጫፉን ቀነጠበችና ሞልታ ይዛ መጣች። ቀቀለችው፣ ከተፈችው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በገብስ ዱቄት አማሰለችው። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ድስቱን ከፍታ አየችና ይህ ደግሞ ይበላል እንዴ ብላ ከደነችው። አባቴ ከጋራዡ ወደ ታክሲው ለመሄድ በመካከል የምትኖረውን ትንሽ ሰዓት ሊበላ ገባ። ሽታው በር ላይ አቆመው። ተቀመጠና ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሞላው። ቃሪያው አቃጥሎት ነው ብዬ ውኃ አመጣሁለት። ሳህኑን በእንጀራ ጥርግ አድርጎ ሲጨርስ፣ "ነገም አለ?" አላት።

ይህችን ጥያቄ አልረሳትም። አባቴ ያንን ሳማ በገዛ አፉ በላ፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ለሳምንታት በላ። ልጅ ሆኖ በክፉ ዘመን፣ አገሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ እትዬ ራሷ ገና ልጅ ሆና ከጦሳ ግርጌ ሳማ እየለቀመች ነው በሕይወት ያቆየችው። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ስትነግረኝ አላዘነችም፤ ብልሃቷን እንደሚያወራ ሰው ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሲያልቁ የእኔ ሰይዴ በጉንጩ ሥጋ ነበረው አለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ወንዙ ዳር አጎንብሳ ስትለቅም፣ ከወንዙ ጎን በሚያልፈው የመኪና መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ቀስ አለ። መስኮቱ ወረደ። ወይዘሮ ራህማ ነበረች፤ ቤታችን ለዒድ የምትመጣ፣ እናቴን የምታውቅ። እኔ ላስቲኩን ከፍ አድርጌ አሳየኋት፤ ኮራ ብዬ። አልወረደችም፣ ሰላምም አላለችን፤ መስኮቱን ዘግታ ሄደች። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። ሐሳብ የጨመረበት ሰው አልነበረም። በሁለት ቀን ውስጥ የሰይድ እህት ወንዝ ዳር ሣር ለቅማ ትበላለች፣ ሕፃኗንም ታበላታለች የሚለው ወሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ አሌክሳንድሪያ ደረሰ። ጋራዥ ውስጥ አንዱ ባልደረባው፣ የወሎ ረሃብ አሜሪካ ድረስ ተከትሏችሁ መጣ እንዴ ብሎ አባቴ ላይ ቀለደበት። ይህን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ከእናቴ ነው። ቀልዱ እንዴት እንደሚያም ይገባኛል። ይገባኛል፤ ንዴቴን ግን ቅንጣት አይቀንሰውም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ወይዘሮ ራህማ ነበረች፤ ከእሷ ጋር ሦስት አራት ሴቶችና ባሎቻቸው። ሩዝ በጆንያ፣ ዘይት፣ ቴምር፣ የጤፍ ዱቄት፣ የታረደ ዶሮ ተሸክመዋል። ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ምግብ ይዞ ሲመጣ የማውቀው በዒድ ቀን ብቻ ነው። ዒድ ሳይነግሩን መጣ ብዬ ሮጬ ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ ያንን ነጭ ባለ ብር ጥልፍ ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን በእጄ አለስልሼ ተመልሼ መጣሁ። ማንም አልሳቀም። አንዷ ሴትዮ እኔን አይታ ዓይኗን በሻሽዋ ጠረገች። ያ ሁሉ ሐዘን ለእኔ መሆኑ አልገባኝም፤ ቀሚሱ አጥሮብኝ መስሎኝ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረግሁት።

"ሰይድ፣ ቢቸግራችሁ ለእኛ አይነገርም?" አለች ወይዘሮ ራህማ። "ሴትዮዋን ቅጠል ለቅማ ትብላ? ይህችን ሕፃን ይዛ?"

አባቴ ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ ደም ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። እናቴን አየ፤ እናቴ ወለሉን አየች። በዚያች ቅጽበት ማለት የሚችለው ብዙ ነገር ነበር። የአገራችን ምግብ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ቁጭ በሉና ቅመሱ ማለት ይችል ነበር። ያሳደገችኝ በዚህ ነው ማለት ይችል ነበር። ሌላው ቢቀር ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ዝም አይነቅዝም እያለ እኔን ሲያስተምረኝ የኖረው እሱ ነው።

"ችግርስ የለብንም፣ አልሃምዱሊላህ" አለ። "እህቴ ናት። ከመጣች ጀምሮ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም። ያገኘችውን ሣር ትለቅማለች። እኛ ቤት የሚበላው የለም።" ይህን ሲል በጣቱ ጆሮ ግንዱን ነካ ነካ አደረገ።

እትዬ ለእንግዶቹ ሻይ ይዛ ከኩሽና እየወጣች ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ትሪውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሳይቀዘቅዝ ጠጡ አለቻቸው። ሰዎቹ ወዲያው ሌላ ሰው ሆኑ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩ ይናገሯት ጀመር። አብሽሪ እትዬ፣ አላህ ያሽርሽ አሏት። አንዷ ተነሥታ እጇን አናቷ ላይ ጭና ዱዓ አደረገችላት። እትዬ አንገቷን ደፍታ እስክትጨርስ ጠበቀች፤ ዱዓ ነውና አሜን አለች።

ሲሄዱ እኔ ወደ ክፍሌ ተላክሁ። ግድግዳው ቀጭን ነበር። እትዬ አልጮኸችም፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። "ሰይዴ፣ እኔ ያበድኩት መቼ ነው?" አለችው።

"ምን ልበል ታዲያ? በሰው አገር ራበን ልበል?"

"በልተሃል እኮ" አለችው።

አባቴ የታክሲውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳማ ቤታችን አልተሠራም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ እትዬ ምንም ብታደርግ እብደት ሆነ። ተራራው የት ነው ስትል እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ዝም ስትል ባሰባት ይላሉ። ስትስቅማ ይብሳል። እኔን ከትምህርት ቤት ማምጣቷ ቀረ፤ የጎረቤት መኪና ያመጣኝ ጀመር። ብቻዋን እንዳትወጣ ተብሎ በሩ ላይ ተጨማሪ መቀርቀሪያ ከፍ ብሎ ተመታ፤ እትዬ አጭር ነበረች። ቁርኣን የተቀራበት ውኃ በጠርሙስ ያመጡላት ነበር፤ እሷ በትሕትና ትጠጣዋለች፤ ጣዕሙ ከቧንቧው ይሻላል አለችኝ አንድ ቀን። አባቴ እቤት ሲሆን አያያትም ነበር። ልጅ ሆኜ የታመመ ሰው ላለማስቸገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ የሌሊት ሽፍት ሠርታ ተኝታ ሳለ፣ እትዬ ወንበር አምጥታ ወጣችበትና መቀርቀሪያውን ከፈተች። ጫማሽን አድርጊ፣ ተራራው ድረስ እንሄዳለን አለችኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ዕድሜዋን በሙሉ ቸኩላ የማታውቅ ሴት ያን ቀን ቸኩላ ነበር። ድልድዮቹን አለፍን። ሳማው አድጎ አበባ አውጥቶ ነበር፤ አላየችውም። መጨረሻ የደረደርናቸውን ድንጋዮች አገኘናቸውና አልፈናቸው ሄድን። ወንዙ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጣ። እኔ ተደሰትኩ፤ ከጠበበ ወደ ምንጩ ተጠግተናል ማለት ነው፤ ምንጩ ደግሞ ተራራ ነው። በመጨረሻ ቦይ አክሎ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ አንድ መንገድ ሥር ቆመ። ከመንገዱ ሥር የወጣ የሲሚንቶ ቧንቧ ነበር፤ እኔ ጎንበስ ብዬ የምገባበት ያህል። ውኃው ከዚያ ነው የሚንጠባጠበው። ከላይ ወጥተን ስናይ መኪና ማቆሚያ አለ፤ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ሣራቸው የታጨደ ቤቶች አሉ። ሁሉም ሜዳ ነው።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እትዬ ተመልሳ ወርዳ ቧንቧው አፍ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ወደ ውስጥ ወደ ጨለማው ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። "ይህ ወንዝ እናት የለውም" አለች። ከዚያ በእጇ ትንሽ ውኃ ዘግና ፊቴን አጠበችልኝ።

ስንመለስ አባቴ በታክሲው አገኘን። እናቴ ነቅታ ስታጣን ደውላለታለች። ከመኪናው ወርዶ እኔን በክንዴ ያዘኝና ከኋላ አስገባኝ። እትዬን ግን ክንዷን አልነካም፤ በሩን ከፍቶ እንደማያውቃት ተሳፋሪ ቆሞ እስክትገባ ጠበቀ። በዚያው ሳምንት አሌክሳንድሪያ በአባት ብቻ የሚገናኙት ታናሽ ወንድሙ ጋ ወሰዳት።

የአጎቴ አፓርትመንት ከሕንጻው ላይኛው ፎቅ ነበር። ከሥሩ ሰፊ የመኪና መንገድ ያልፋል፤ ሁሉም በመኪና ነው የሚወጣው፣ በእግር ወዴትም የሚያደርስ መንገድ የለም። በአሳንሰር መውረድ ስለማታውቅ በሩን መቆለፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም። በየእሁዱ ልንጠይቃት እንሄድ ነበር። ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል። ለተራራው አንድ እሁድ ያጣ ሰው፣ እሷን ሰቅሎ ለማየት እሁድ ሁሉ ተገኘለት። እትዬ መስኮቱ ጋ ቆማ ነው የምናገኛት። እግሯ ማበጥ ጀምሮ ነበር። እኔን ስታይ ጎትታ ታስጠጋኝና ድንጋዮቹ አሉ ወይ ትለኛለች። አሉ እላታለሁ። ሄጄ አላየሁም፤ ማን ይወስደኛል።

ቅጠሉ ቀይ መሆን ሲጀምር ወደ ደሴ ትመለስ ተባለ። ዳለስ ኤርፖርት እናቴ ሥራዋ ነውና ዊልቸር አዘዘችላት። ቋንቋ ስለማትችል እስከ አውሮፕላኑ የሚገፋት ሰው አብሯት እንዲሆን ነው፤ የእኛ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እትዬ ወንበሩን አየችውና "እግሬ ምን ሆነ?" አለች። ተቀመጪ፣ ይቀልሻል አሏት። ተቀመጠች። ያቺ ጦሳን ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ሴት እንደ በሽተኛ ተገፍታ ስትሄድ ሁለት እጇ ጭኗ ላይ ነበር፤ ዞራ አላየችንም፣ ወንበሩ እንዴት እንደሚዞር አታውቅም። አባቴ መኪና ማቆሚያው ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያኔ ናፍቃው መስሎኝ አባበልኩት።

ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ። የእሷ ስም ከአውሮፕላኑም ቀድሞ ደሴ ገባ፤ አሜሪካ ሄዳ አብዳ ተመለሰች ተባለ። ሰፈሯ ውስጥ ልጆች ሲያይዋት ይሸሹ እንደነበር፣ ሰርግ ቤት ድስት ሲጣድ እንደ ድሮው እሷን መጥራት እንደተዉ የሰማሁት ከሞተች በኋላ ነው።

ሹገርሎፍ አናት ላይ ሳማው ተጠጥቶ አልቋል። ከሥር እርሻው፣ ዛፉ፣ የሩቁ ወንዝ ሁሉ ይታያል። ለጦሳ ልጅ ይህ ተራራ ሳይሆን ጉብታ ነው፤ እትዬ ብታየው ትስቅበት ነበር። አባቴ ኩባያውን እያዞረ ማውራት ጀመረ። እኔ እኮ በሳማ ነው ያደግኩት አለ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እህቱ ከጦሳ ግርጌ እየለቀመች እንዴት እንዳቆየችው፣ ሌሎቹ ልጆች ሲያልቁ እሱ በጉንጩ ሥጋ እንደነበረው ነገራቸው። ቃሉ የእሷ ቃል ነው፤ አልተለወጠም። ሴቶቹ ምን ዓይነት ጀግና ሴት ናት አሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀዳው ጀመር። አባቴ ዓይኑን ጠረገ።

"አላህ ይርሐማት፤ ይህን ተራራ ብታየው ደስ ይላት ነበር" አለ።

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። "የትኛዋ እህትህ?" አልኩት። "ያቺ ያበደችው?"

የሚቀዳው ሰው ስልኩን ዝቅ አደረገ። አባቴ ወደ እኔ ቀረበና ድምፁን ቀንሶ፣ "ነጃት፣ ሰው ፊት?" አለኝ።

"አንተም ሰው ፊት ነው ያልከው" አልኩት። "ሰው ፊት መልሰው።"

ሸሽቶ የሚሄድበት አልነበረም፤ ወደ ታች የሚወስደው የድንጋይ ደረጃ በአረንጓዴ ካናቴራ ተሞልቷል። የወረቀቱን ኩባያ ጨመደደው። እህቴ ጤነኛ ነበረች፣ ሳማውን እኔም በልቻለሁ አለ፤ ለጫማው እንደሚናገር ሰው፣ ከጎኑ የቆምኩት እኔ እንኳ በጭንቅ ነው የሰማሁት።

ወይዘሮ ራህማ ፔርሙሷን እየከደነች ነበር። ቀና ብላ "ምን አለ?" አለች።

"ድገምላት" አልኩት።